ድፍረት አትጠብቁ፤ መለኪያ ያዙ

«እኔ መንዳት እንጂ የሞተር ነገር አይገባኝም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ዞር ይላል። መካኒኩ «ቴስታታው ነው» ካለው ይከፍላል፤ «ፋሻው አልቋል» ካለውም ይከፍላል። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። በሥራው የተመሰገነ፣ ማታ ማታ ልጆቹን ሒሳብ የሚያስጠና፣ ውል ሳያነብ የማይፈርም ሊሆን ይችላል። ኮፈኑ ሥር ያለውን ብረት ሲያይ ግን «ይህ ጋራዥ ውስጥ ላደገ ሰው ነው» ብሎ ይደመድማል። ሴት ከሆነች ደግሞ ድምዳሜውን ሌሎች አስቀድመው ደምድመውላታል።

ዛሬ ይህን ድምዳሜ እናፈርሳለን። አንድ ጀማሪ የመኪና ሞተር ፈትቶ፣ ያረጀውን ለውጦ፣ መልሶ ገጥሞ ማስነሳት ይችላል። ለዚህ ልዩ ተሰጥኦ አያስፈልገውም። ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ያ «በራስ መተማመን» የሚባለው ነገርም ቢሆን ለመጀመር የግድ አይደለም። በራስ መተማመን ከሥራ በፊት የሚታደል ስንቅ ይመስለናል፤ እስኪመጣ ስንጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። ሞተር የሚያስተምረን ሌላ ነው፦ መተማመን የሚመጣው ከለካን በኋላ ነው።

የብስክሌት ቤቱ ሠራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ ብስክሌት እየሠሩና እየጠገኑ የሚተዳደሩት ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይት አንድ ነገር ጎደላቸው። የሚበር ማሽን ሊሠሩ ተነሥተዋል፤ ክንፉን ያለ ሞተር በሚንሳፈፍ አውሮፕላን ደጋግመው ሞክረውታል። የቀራቸው ሞተር ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ጉልበቱ ቢያንስ 8 የፈረስ ጉልበት የሆነ ሞተር ፍለጋ ለበርካታ አምራቾች ጻፉ። የሚሆናቸውን የሚያቀርብ አልተገኘም። ስለዚህ ራሳቸው ሊሠሩት ወሰኑና ሥራውን ለሱቃቸው ሠራተኛ ለቻርሊ ቴይለር ሰጡት።

ቴይለር የሞተር ሊቅ አልነበረም። ከዚያ በፊት ከቤንዚን ሞተር ጋር የነበረው ትውውቅ በ1901 የአንድ መኪና ሞተር ለመጠገን መሞከሩ ብቻ ነበር። ነገር ግን ብረት በቶርኖ መቅረጽ ያውቃል፤ መለካትም ያውቃል። ሱቁ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ዋናዎቹ ማሽኖች አንድ ቶርኖና አንድ መብሻ ነበሩ። የተሟላ ንድፍም አልነበረም። የሚሠራውን ክፍል በቁራጭ ወረቀት ላይ ይነድፉታል፤ ቴይለር ወረቀቱን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ይሰካና ያንን አንድ ክፍል ሠርቶ ይጨርሳል። ከዚያ ወደ ሌላው ወረቀት ይሻገራል።

የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ እንዴት እንደሠራው እንመልከት። 45 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጠንካራ የብረት ጠፍጣፋ አመጣ። የክራንኩን ቅርጽ በላዩ ላይ ነደፈ። የነደፈውን መስመር ተከትሎ፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ እያስጠጋ በሳው። ትርፉን በመሮና በመዶሻ መትቶ አራገፈ። የተረፈውን ቶርኖ ላይ አስሮ እየለካ፣ እየቀረጸ፣ መልሶ እየለካ ቀጠለ። ሲጨርስ 45 ኪሎ የነበረው ብረት ከ9 ኪሎ ያነሰ ክራንክ ሆነ።

ሞተሩ በ6 ሳምንት ተሠርቶ አለቀ። በፌብሩዋሪ 1903 ሲሞከር ግን ነክሶ ቆመ፤ የአሉሚኒየም አካሉም ተሰበረ። አዲስ አካል እስኪቀርብላቸው ሁለት ወር ያህል ጠበቁ፤ እንደገና ገጠሙት። 12 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ከተመኙት በላይ ማለት ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ያ ሞተር የራይት ወንድማማቾችን አውሮፕላን አራት ጊዜ አበረረ፤ ረጅሙ በረራ 59 ሰከንድ ቆየ።

ቴይለር ሥራውን ሲረከብ «የአውሮፕላን ሞተር መሥራት እችላለሁ?» ብሎ ራሱን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እውነተኛው መልስ «አላውቅም» ነበር።  ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህ ብረት ልኩ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ይህ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱም በመለኪያው ላይ ይነበባል።

እኛም አዲስ ነገር ለመጀመር ስንፈራ ብዙ ጊዜ የሚያስረን የጥያቄያችን ትልቅነት ነው። «ሞተር መሥራት እችላለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ጀማሪ አይመልሰውም። «ይህ ክፍተት ስንት ነው?» የሚለውን ግን ፊለር ጌጅ፣ ማለትም በስስ ቅጠሎቹ ክፍተት የሚለካውን መሣሪያ፣ የያዘ ሁሉ ይመልሰዋል። ትልቁን ጥያቄ ወደ ትንንሽና የሚለኩ ጥያቄዎች መበተን የዕውቀት መጀመሪያ ነው።

ሞተሩን እንበትነው

ሞተር ምሥጢር የሚመስለው በአንድ ጊዜ ሙሉውን ስለምናየው ነው። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን አጭር ነው። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ወጥቶ ይጨምቃል፤ ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ጋዙ ነድዶ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፤ ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። አራት እርምጃ፣ ሁለት ዙር። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ከሠራው ሞተር ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ እሳት ይለኮስበታል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ የሚደጋገመው ግን ያው አራት እርምጃ ነው።

ስለዚህ የማይነሳ ቤንዚን ሞተር ፊት ስትቆሙ የምትጠይቁት አራት ነገር ነው። ነዳጅና አየር ይደርሰዋል? ይጨምቃል? እሳት አለው? እሳቱስ በሰዓቱ ይመጣል? ከእነዚህ አንዱ ጎድሏል። አራቱም በየራሳቸው ይፈተሻሉ፤ ለአራቱም መለኪያ አለ።

ከየት ልጀምር?

ከትንሹ ጀምሩ። የውኃ መሳቢያ ወይም የጄኔሬተር ቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ብቻችሁን ትሸከሙታላችሁ። ከቁራሌው እጅ ወይም ከጋራዥ ጥግ የተጣለ የማይሠራ ሞተር ብታገኙ ለመማሪያ ይበቃል። ፒስተኑ፣ በዙሪያው ያለው ፋሻ፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ቢዬላ፣ ክራንኩ፣ ቫልቮቹ ሁሉ እዚያ አሉ። እሱን ፈትቶ የገጠመ ሰው የመኪና ሞተር ሲያይ የሚያውቀውን ነገር አራት ጊዜ ተደግሞ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ወደ መኪና ስትሻገሩ የእኔ ምክር ቮልስ ነው። አዲስ አበባ ቮልስን እንደምትወድ ለማንም አይነገርም፤ ስሙ ራሱ የቤት ስም ሆኗል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፑኤብላ ፋብሪካ የወጣው በጁላይ 2003 ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ግን በዝናው አይደለም። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ የውኃ ፓምፕም የለውም። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች አንድ ላይ የተቀለጡ ሳይሆኑ ለየብቻ የሚወጡ ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ እሱን ለይታችሁ ታወጡታላችሁ። ዋናው የሞተር አካል ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ስትከፍቱት ክራንክ ሻፍቱና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካም ሻፍት ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ።

ይህን ሞተር መካኒክ ያልሆኑ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ጆን ሙየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ቮልሳቸውን ራሳቸው መጠገን ለሚፈልጉ፣ ስለ መኪና ምንም ለማያውቁ ሰዎች ብሎ ደረጃ በደረጃ የሚመራ መጽሐፍ ጻፈ። በሰፊው ተነበበ። 

ቮልስ ከሌላችሁ አትቸገሩ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለቶዮታም ለሌላውም ይሠራል፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ነው። የራሳችሁን ሞተር ቁጥሮች ከራሱ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱ።

ከመፍታት በፊት

መፍታት ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው የሚያታልለው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተፈታ ሞተር፣ ሥርዓት ከሌለው፣ ለወራት በካርቶን ተኝቶ ይቀራል። በየጋራዡ ጥግ እንዲህ ያሉ ካርቶኖች ሞልተዋል።

ስለዚህ ሦስት ልማድ ያዙ። አንደኛ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከቅርብ። ስልካችሁ የመጀመሪያው መሣሪያችሁ ነው። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎንና ዳዶ በየራሱ ፌስታል አድርጋችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። «ካርቡራቶር፣ ሁለት ዳዶ» ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ግማሽ ቀን ያተርፋል። ሦስተኛ፣ ሁሉም በቦታው ይመለስ። የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ለአንደኛው፣ የሦስተኛው ቢዬላ ለሦስተኛው። አብረው የሠሩ ብረቶች እርስ በርስ ተለማምደዋል።

ሲፈታ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ታሪኩን ይነግራችኋል። ካንዴላውን አውጥታችሁ ጫፉን እዩ። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ሲሊንደሩ ደኅና ይሠራል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል። በዘይት ከረጠበ ዘይት ወደላይ እየወጣ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቭ መሪው ሳያልቅ አልቀረም። የቮልስ ሦስተኛ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚቃጠል መካኒኮች ሁሉ ያውቃሉ፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የማቀዝቀዣው አየር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለተቀመጠ፣ ለሦስተኛው የሚደርሰው አየር ያንሳል፤ የሚደርሰውም የሞቀ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ጀማሪ ሲሊንደሩን ሲያይ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ግምት የሚያበቃበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አበው «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚሉት ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስላል።

አንድ ልኬት በዝርዝር ላሳያችሁ። ክራንክ ሻፍት ሲዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት እንዲንቀሳቀስ ይፈቀድለታል። እንቅስቃሴው ከበዛ ሞተሩ ይመታል፤ ካነሰ በሙቀት ሲያብጥ ይነክሳል። በቮልስ ሞተር የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 0.07 ገደማ መሆኑን አስቡ፤ የምንነጋገረው ስለ አንድ ወይም ሁለት የፀጉር ዘለላ ነው። በዓይን አይታይም፤ በጣትም አይገመትም።

ጀማሪ ይህን ሲሰማ «አይ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ይላል። አሠራሩን ግን እዩ። በክራንኩ ጫፍ ከሚታሰረው ፍላይዊል ጀርባ ሁልጊዜ ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ይገባሉ፤ ውፍረታቸው ይለያያል፦ 0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36። መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ አስገብታችሁ ፍላይዊሉን ታስራላችሁ። ባለ መርፌውን መለኪያ፣ ዳያል ጌጁን፣ አስጠግታችሁ ክራንኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትገፋላችሁ። መርፌው 0.44 አሳየ እንበል። የምንፈልገው የመካከለኛውን ልክ 0.10 ነው። 0.44 ሲቀነስ 0.10፣ 0.34። ሦስተኛው ቀለበት የ0.34 ነው። አስገቡት፣ እሰሩት፣ እንደገና ለኩ። 0.10 አለ? አለቀ።

ሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው መቀነስ ነው። ነገር ግን መርፌው 0.10 ላይ ሲቆም የሚሰማችሁን ስሜት የትኛውም የማበረታቻ ንግግር አይሰጣችሁም። ማንም «ትችላለህ» አላላችሁም፤ ራሳችሁም ለራሳችሁ አላላችሁም። ልኩን ሠርታችኋል፤ ማስረጃው መርፌው ላይ አለ። እንዲህ ያሉ ሃያ ትንንሽ ማስረጃዎች ሲደማመሩ ነው ሰው «እችላለሁ» የሚለው፤ ያን ጊዜ የሚለው ደግሞ እውነት ነው።

ሌሎቹ ልኬቶችም እንዲሁ ናቸው። የፒስተን ፋሻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብታችሁ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ትለካላችሁ። የክራንኩን አንገት በማይክሮሜትር ለክታችሁ ካለቀ ማሽን ቤት ትወስዱታላችሁ፤ እዚያ በ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ ቀንሰው ያስተካክሉታል፤ እናንተም አንገቱ የሚዞርበትን፣ ለዚያ ልክ የተሠራ ብሮንዝ ትገዛላችሁ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ «የቮልስ ብሮንዝ አለ?» ብሎ መጠየቅና «የ1600፣ 0.25 ያነሰ» ብሎ መጠየቅ ልዩነት አለው። የመጀመሪያው ሰው የሚሸጥለትን ይገዛል። ሁለተኛው የሚፈልገውን ይገዛል።

መለኪያውንም ማወቅ ያስፈልጋል

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በተለይ ለደጋ ሰው። የውጭ አገር መጽሐፍ ይዛችሁ የሲሊንደሩን የመጭመቅ ኃይል ስትለኩ መጽሐፉ 8 ባር ብሎ የእናንተ መለኪያ 6 ቢያሳይ ሞተሩ አልቋል ብላችሁ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየርም የሚጨምቀውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከ8 ባር ሩቡ ሲቀነስ 6 ይቀራል። ሞተራችሁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። ሦስቱ 6 ብለው አንዱ 4 ካለ ችግሩ የት እንዳለ አወቃችሁ።

ይህ ከጋራዥ ውጭም ይሠራል። ራሳችንን በሌላ ሰው ልክ ለክተን ስንት ጊዜ «አለቀልኝ» ብለናል? በልጅነቱ የጀመረውን፣ መሣሪያውም ጊዜውም የተመቻቸለትን ሰው መለኪያ አድርጎ መያዝ በሌላ ከፍታ የተጻፈ ቁጥር ማንበብ ነው። የዛሬውን እጃችሁን ከባለፈው ወር እጃችሁ ጋር አወዳድሩ። የመጀመሪያውን ካርቡራቶር ለመፍታት ሙሉ ቀን ወስዶባችሁ ሁለተኛውን በሁለት ሰዓት ከፈታችሁ፣ አድጋችኋል፤ ቁጥሩ ይናገራል።

መግጠም

መግጠም ትዕግሥት ነው። ሁሉም ክፍል በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ይጠብቅ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ብሮንዝ ትፍቃለች። የሚሽከረከረውን ሁሉ ዘይት ቀቡ። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ክራንኩን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ወይም ከያዘ ቀጣዩን አታስገቡ፤ የያዘው አሁን ያስገባችሁት ነውና እሱን አውጥታችሁ እዩ። በየደረጃው የሚያዞር ሰው ስሕተቱን ከአንድ ክፍል ውስጥ ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ የሚያዞር ሰው ከሁሉም ውስጥ።

ቡሎን ማሰርም ልክ አለው። «ደኅና አጥብቀው» የሚባለው ምክር ስንት የአሉሚኒየም ጥርስ በልቷል! የቮልስ ቴስታታ ዳዶዎች መጀመሪያ ሁሉም በቅደም ተከተላቸው በ10 ኒውተን ሜትር ያህል ይያዛሉ፤ ከዚያ በሁለተኛ ዙር ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዘንጎቹ እስከ 31፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትሮቹ እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካው የቶርክ መፍቻ ውድ ከሆነባችሁ ለአንድ ቀን ተዋሱት፤ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር ግዙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ አንድ ሞተር የሚማሩ አራት ጓደኛሞች ወጪውንም ድካሙንም ይከፋፈላሉ።

ሲያልቅ ቶሎ ቁልፍ አታዙሩ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ጨምሩ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት፤ ዘይቱ እሳት ከመግባቱ በፊት ብሮንዞቹ ዘንድ ይድረስ። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሳችሁ አስነሡት። አዲስ ካም ሻፍት ከገባ፣ በዝቅተኛ ዙር እንዲያንጎራጉር አትተዉት፤ ለ20 ደቂቃ ያህል 2,000 ዙር አካባቢ ይሥራ። ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ።

ከማን ጋር፣ በምን ጥንቃቄ

ብቻችሁን አትማሩ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምሽት ወይም የአጭር ጊዜ ሥልጠና ካገኛችሁ እሰየው። ካልተመቻችሁ የሠፈራችሁን ጋራዥ እዩ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ጋሼ እጁ ላይ ያለው ዕውቀት ከመጽሐፍ አይገኝም። ግን እንዴት እንደምትጠይቁት አስቡበት። «ጋሼ፣ ሞተር አስተምሩኝ» ስትሏቸው ሥራ ጨመራችሁባቸው። «ጋሼ፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ግፊት ከሌሎቹ በሁለት ባር አነሰብኝ፤ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሬ ስለካው ከፍ አለ፤ ፋሻው ይሆን?» ስትሏቸው ግን እጃቸውን ጠርገው ይቀርባሉ። ለክቶ የመጣ ሰው በሙያ ዓለም ውስጥ ይከበራል፤ ዕድሜውም ጾታውም አይጠየቅም።

ጥንቃቄው ደግሞ ድርድር የለውም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደረግ። የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይፈታ። ዕቃ የሚታጠበው በቤንዚን አይደለም፤ ሲጋራም በአካባቢው አይለኮስም። የቮልስ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይለወጥ፤ በእሱ የተቃጠለ ቮልስ ብዙ ነው። የቮልስ ሞተር ወደ 100 ኪሎ ይመዝናልና ብቻችሁን አታውርዱት።

«አሁን ደግሞ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው»

ይህን የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ታዲያ የቤንዚን ሞተር መማር ያለፈበት አይሆንም?

ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው የገበያ ነው፦ ዛሬ በመንገዱ ላይ ያለው መኪና ነገ አይጠፋም። ተተኪው በቀላሉ ካልገባ ያለውን ማደስ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁለተኛው ይበልጣል። ፈትቶ በሥርዓት ማስቀመጥ፣ ለክቶ መወሰን፣ ስሕተትን ከአንድ ክፍል ውስጥ መፈለግ፣ በልክ ማሰር፤ እነዚህ የቤንዚን ዕውቀት ብቻ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ሞተርም ኩሽኔታ አለው፤ ቡሎኑም ልክ አለው፤ ባትሪውም የሚመረመረው በመለኪያ ነው። ቴይለር ከብስክሌት ወደ አውሮፕላን የተሻገረው በዚህ ድልድይ ነው።

ሞተር የማይወድ አንባቢም ቢሆን ይህን ይውሰድ። «እንግሊዝኛ አይገባኝም» የሚል ሰው በቀን ስንት አዲስ ቃል እንደሚይዝ ለክቶ ያውቃል? «ገንዘብ አይበረክትልኝም» የሚል ሰው ባለፈው ወር ለምን ለምን እንዳወጣ ጽፏል? አብዛኛው «አልችልም» ያልተለካ ነገር ነው። ሲለካ ወይ «እችላለሁ» ይሆናል፣ ወይም «ይህች ይህች ትቀረኛለች» ይሆናል። ሁለቱም ለሥራ ያመቻሉ።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ስለዚህ በጎ ምኞት ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ፊለር ጌጅና አንድ ደብተር ግዙ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የሞተራችሁን ዓይነት ጻፉ፤ የመኪና፣ የሞተር ብስክሌት ወይም የውኃ መሳቢያ ይሁን። ከጥገና መጽሐፉ የካንዴላውን ክፍተት ፈልጋችሁ ከጎኑ አስፍሩ። ሞተሩ በደንብ በቀዘቀዘ ሰዓት አንድ ካንዴላ አውጡ፤ ቀለሙን እዩ፤ ክፍተቱን ለኩ፤ ጻፉ።

ቮልስ ያለው ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምር። ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ በ13 መፍቻና በካቻቢቴ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ያስተካክል። ለ1600 ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የ0.15ዋ ቅጠል ጥቂት ያዝ እያደረጋት የምታልፍ ከሆነ ልክ ነው፤ ካልገባች ጠብቋል፤ ከተንሸራተተች ላልቷል። ስምንት ቫልቭ፣ ስምንት ጊዜ አዎ ወይም አይደለም።

የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልኬት ጨምሩ፤ ከዚያም ሌላ። ደብተሩ ሲሞላ ያ «የሞተር ነገር አይገባኝም» የሚለው ሰው ኮፈኑን ራሱ ይከፍታል። መካኒኩም «ፋሻው አልቋል» ሲለው፦ «ስንት አነበበ?» ብሎ ይጠይቃል።